ዓርብ ቢሆን ኖሮ

ወንድሜ የወደቀው ሎሪ ላይ የሰሊጥ ጆንያ ሲደረድር ነው። እግሩ አምልጦት መሬት ከደረሰ በኋላ አንድ ጆንያ ከላይ ተከትሎ መጥቶ ቅልጥሙ ላይ አረፈ። የእርሻው ባለቤት ገዳሪፍ ሆስፒታል በር ድረስ አምጥተው አወረዱት፣ የሠራበትን ከፈሉት፣ አዝመራቸው ገና ሜዳ ላይ ነበርና ተመለሱ። ክፉ ሰው አልነበሩም።

እኔ ከተማው ውስጥ በየቤቱ እየዞርኩ ልብስ አጥባለሁ። ወንድሜን ተከትዬ ከመተማ ወደ ሱዳን ስሻገር ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ሰው ፊት መናገር አልችልም። ልብስ የማጥብላቸው ሴቶች ዋጋ ሲቀንሱብኝ እሺ እላለሁ፤ ከዚያ መንገድ ላይ ብቻዬን ስሄድ ማለት የነበረብኝን ሁሉ አንድ በአንድ እላለሁ። አሁን የምጽፈውም ማለት ሲገባኝ ስላላልኩት አንድ ነገር ነው።

ሆስፒታሉ እግሩን በጀሶ አሰረለት። ገና ካለፈ በኋላ ጀሶው ሲፈታ እግሩ ወደ ውጭ ተጣሞ ነበር። ያየው ሐኪም ጦርነቱን ሸሽቶ ከካርቱም የመጣ ሰው ነው። እንዲገባን ብሎ በቀላል ዓረብኛ፣ በእጁ እያሳየ ነገረን። አጥንቱ ተጣሞ ስለ ገጠመ እንደገና ተከፍቶ ብረት ሊገባበት ይገባል። እሱ ለሥራው ምንም አይጠይቀንም። ብረቱን ግን እኛ መግዛት አለብን፤ የሚመጣውም ከፖርት ሱዳን ነው። ሐኪሙ ደግሞ ዘመዶቹ ወዳሉበት አገር የሚሄድበት ወረቀት አልቆለታል፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት ሲጋመስ ይነሳል።

«ብረቱ ካልገባስ?» አለ ወንድሜ።

«ትሄዳለህ። ጆንያ ግን አትሸከምም።»

ወንድሜ ከጆንያ ሌላ ሥራ አያውቅም። ሳሉግ ነው፤ በእርሻ ወቅት የሚቀጠር የቀን ሠራተኛ። በክረምት ያርማል፣ በመኸር ያጭዳል፣ ከዚያ ይጭናል። ማዶ መተማ በኩል ያለችው እናታችን የምትኖረው እሱ በሚልከው ነው። እኔ ከማጥበው የሚተርፈው ለሳሙና ነው።

ሐሳቡን ያመጡት ጋሼ ናቸው። ጋሼ የምንላቸው ወፍጮ ቤት የሚሠሩ፣ እዚህ ባለነው የአገራችን ሰዎች ማኅበር ደግሞ ገንዘብ ያዥ የሆኑ ሰው ናቸው። አንድ ሳንቲም ከእጃቸው ከመውጣቷ በፊት ሁለቴ ያገላብጧታል እየተባለ ይቀለድባቸዋል። አንድ እሑድ መጥተው ወንድሜ የተኛበት የገመድ አልጋ፣ አንገረቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ገመዱን አስጮኹት።

«ኳስ እናጫውት» አሉ።

«የምን ኳስ?»

«የእኛ ልጆችና የኡም ራኩባ ስደተኛ ካምፕ ልጆች። ያ ቡድን ሲጫወት ሰው መንደር ስምንት ከሚሉት ሩቅ ካምፕ ድረስ ሄዶ ያያል አሉ። እዚህ እናመጣቸዋለን፣ መግቢያ እናስከፍላለን፣ ብረቱን እንገዛለን።»

«እኔ ለማኝ አይደለሁም፣ ጋሼ።»

«ማን ለምን አለህ? አንተ ተኛ። የሚሮጡት እነሱ ናቸው።»

«ስሜ ከተነሳ ይህን እግር በመጋዝ እቆርጠዋለሁ።»

«መጋዝም በገንዘብ ነው» አሉ ጋሼ።

የግቢያችን እትዬ ከማጀት ሆነው ሲስቁ ሰማናቸው። እትዬ ቤቶቹን ተከራይተው ለእኛ መልሰው የሚያከራዩ የጎንደር ሴት ናቸው፤ ከግቢው የሚያመልጣቸው ወሬ የለም። በመጨረሻ እንዲህ ተባለ፦ ጨዋታው «ለአንድ የታመመ ወገናችን» ነው ተብሎ ይነገራል፤ ማን እንደ ሆነ ግን ከአራታችን አይወጣም። ከከተማው ልጆች የሚገምት አይጠፋም ነበር፤ የገመተም ቢኖር አልጠየቀም። ከካምፑ የሚመጡት እንግዶች ግን በምንም መንገድ ሊያውቁ አይችሉም።

ጋሼ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጪ መቀነስ ጀመሩ። የወፍጮ ቤቱ የብረት በር ላይ የሚያስፈልገውን ሁሉ በጠመኔ ጽፈው፣ ተለምኖ የተገኘውን በክንዳቸው ይጠርጉታል። ሜዳውንና ማሊያውን የሠፈሩ የሱዳን ወጣቶች አዋሱን፤ ማሊያው ታጥቦ ይመለስ ብቻ አሉ። «አጣቢ አለችን» ብለው ጋሼ ወደ እኔ አመለከቱ፣ ማሊያ የሚለውን ጠረጉት። የመስመሩን ኖራ በዳቦ ቤት አመድ ተኩት። ከኸሽም ኤል ቂርባ የመጣ አንድ መምህር በነጻ ሊዳኝ እሺ አለ። እንግዶቹን የሚያመጣው ሎሪ ብቻ አልጠረግ አለ። ባለሎሪው የነዳጁን ብቻ ክፈሉኝ ብሎ ነበር፤ ነዳጅ ግን ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ እንደ ሽቶ ነው የሚሸጠው።

ሜዳው አጥር የለውም። አጥር የሌለው ሜዳ ላይ መግቢያ ማስከፈል አይቻልም። ስለዚህ ጋሼ ከወፍጮ ቤቱ ባዶ ጆንያ ተዋሱ፤ በመንገዱ በኩል በእንጨት ላይ ተዘርግቶ እንዲጋርድ ጆንያውን እርስ በርሱ መስፋት የእኔ ሥራ ሆነ። እጥበቴን ስጨርስ ከሰዓት በኋላ በጆንያ መርፌና በሲባጎ እሰፋለሁ። ውሃ ያለሰለሰው ጣቴን ሲባጎው ይቆርጠዋል። ወንድሜም አንገረቡ ላይ ሆኖ ይሰፋል።

«እግሬን የሰበረው ጆንያ እግሬን ሊያስጠግን ነው» ይላል። ደስ ብሎት ነበር።

ጋሼ ከሁሉም አብዝተው ያሰቡበት ምግቡን ነው። ጋብዘህ ያመጣኸው ሰው ምግብ አይገዛም፤ ይበላል። ይህን ማንም አልተከራከረበትም። ታዲያ እንዴት ባነሰ ወጪ ይብላ? ጋሼ ሦስት ቀን አስበው መጡና ጨዋታው ዓርብ ይሁን አሉ። ዓርብ በሱዳን የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሰው ይመጣል። ለእኛ ደግሞ ጾም ነው። ለእንግዶቹም ጾም ነው።

«ዓርብ ሽሮ ብታቀርብለት ማንም አይቀየምህም» አሉ ጋሼ። «ሥጋ ብታቀርብለት ነው የሚቀየምህ።»

በሩ ላይ ምግብ ከሚለው ጎን «ሽሮ» ብለው ጻፉና ቁጥሩን አጥፍተው በትንሽ ቁጥር ተኩት። ያን ጊዜ ነው ብረቱ ሊገዛ እንደሚችል ያመንኩት። በሩን አይቼ ስመለስ መንገዱን ሁሉ በልቤ እየደመርኩ ሄድኩ፤ ይደርስ ነበር።

ሰው የሚሰበሰብበት ነገር ሁሉ የፈቃድ ወረቀት ይፈልጋል፤ ተስሪህ ይሉታል። ለሜዳው አንድ፣ ከካምፕ ለሚወጡት ሌላ። የእንግዶቹን ስም የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ ከጋሼ ጋር ሄድኩ። ሃያ ሁለት ስም ነው። መኮንኑ ወረቀቱን አየ፣ ሻዩን ጠጣ፣ እንደገና አየ።

«ጁምዓ ማፊ» አለ። ዓርብ አይሆንም። ዓርብ ሰዎቹ ለጸሎት ስለሚሄዱ ሜዳ የሚጠብቅለት የለም። «ሰብት» አለና ቅዳሜ ብሎ ጽፎ ማኅተሙን መታበት።

ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ደጋግመው አመሰገኑት። ከበሩ ወጥተን ጥቂት እንደ ሄድን ቆሙ።

«ቅዳሜ» አሉ። «ቅዳሜ እኮ ፍስክ ነው።»

ተመልሰን እንጠይቀው ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ብለን? ቅዳሜ ሥጋ ስለሚበላ ወደ ዓርብ መልስልን? ዝም አልኩ። ጋሼም ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ቤት ስንደርስ እትዬ ነገሩን ሰምተው ጨርሰው ነበር።

«በቅዳሜ ቀን ሽሮ? እኔ እጄን አላስገባበትም።»

«ምስር ጨምሩበት» አሉ ጋሼ።

«እዚያ ካምፕ ውስጥ ሲቀቅሉ የሚከርሙት ምን ሆነና ነው? ምስር ነው። በሎሪ አስመጥተን ምስር እናብላቸው?»

«የነቢያት ጾም ሳይወጣ አድርገነው ቢሆን!» ብለው ጋሼ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «እኔ እኮ የምለው ገንዘቡ ለ…» ወደ ወንድሜ እግር አዩና ተዉት።

ወንድሜ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰካው። «ሽሮ አበሉን ከሚባል እግሬ ይቅር» አለ።

ማንም አልሳቀም። በአገር ቤቱ ጦርነት በእነሱ አገርና በእኛ አገር መካከል ምን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ማዶ ለማዶ ሆነን፣ ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ከዚያ በላይ አንሄድም። እነዚህ ልጆች ኑ ስንላቸው እሺ ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ሽሮ የተከራከረ የለም።

ሥጋ ማለት ደግሞ ሙሉ ፍየል ማለት ነው። ገበያ ወርደን ጥቂት ኪሎ ገዝተን መረቅ ማብዛት አንችልም፤ ሥጋ ቤቶቹ የሙስሊም ናቸው፣ እኛ የምንበላው የእኛ ሰው ባርኮ ያረደውን ነው። ስለዚህ ፍየሉ በቁሙ ይገዛል። ጋሼ በሩ ላይ ሽሮ የሚለውን ጠርገው «ሁለት ፍየል» ብለው ሲጽፉ ጠመኔው ተሰበረባቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ጆንያዎቹ ቆመዋል። ጋሼ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ሰጥተውኝ መግቢያው ላይ አቆሙኝ።

«ለምን እኔ?»

«አትሰርቂማ።»

«ሰው መጠየቅ አልችልም እኮ፣ ጋሼ።»

«ጣሳውን ብቻ ያዢ። ጣሳው ይጠይቅልሻል።»

ጣሳው አልጠየቀልኝም። መጀመሪያ የመጡት ሦስት ሰዎች «የበረኛው ዘመዶች ነን» ብለው ገቡ። ቀጥሎ አንዱ «ኳሱን ያዋስኩት እኔ ነኝ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሰው መጥቶ «ኳሱን ያዋስኩት እኔ ነኝ» አለኝ። ኳሱ አንድ ነው። ሁለቱም ገቡ። አንዱ የመተማ ሰው ገና ከሩቅ እጁን ዘርግቶ መጣ።

«አንቺ የእኛ አገር ልጅ አይደለሽም እንዴ? ከእኔ ልትቀበዪ ነው?»

«አይ» አልኩ።

«ጎሽ!» ብሎ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ አለፈ።

ሳይጠየቁ የከፈሉም ነበሩ። ከእርሻ የመጡ፣ ሸሚዛቸው ላይ የሰሊጥ ሙጫ የደረቀባቸው ሰዎች ጣሳው ላይ ጎንበስ ብለው «ይማረው» እያሉ ከተቱ። አንዱ ከፍሎ ከገባ በኋላ ተመልሶ መጥቶ እንደገና ከተተ፤ የመጀመሪያውን የከፈልኩት ለኳሱ ነው አለኝ። ቀና ብዬ አላየሁትም። ብረቱ የወንድሜ እንደ ሆነ ፊቴ ላይ የሚያነብብኝ እየመሰለኝ ፈራሁ።

በመንገዱ በኩል ጆንያ እንጋርዳለን ስንል ሎሪ አላሰብንም። ሰሊጥ የጫኑ ሎሪዎች ከጆንያው ጀርባ መጥተው ቆሙ፤ ሰው ከላያቸው ላይ እንደ አሞራ ሰፈረ።

«ውረዱ!» ጋሼ ከታች ይጮሃሉ። «የበሽተኛ ገንዘብ ነው የምታዩት!»

«እያየነው ነው እንጂ መቼ ወሰድነው!» አለ አንዱ ከላይ፣ ሰውም ሳቀ። ጋሼም ሳያስቡት ሳቁ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጠራርገው ወደ እኔ መጡና ጣሳውን አይተው ሄዱ።

የእንግዶቹ ሎሪ አቧራውን ተሸክሞ ደረሰ። ሃያ ሁለት ሰው ብዬ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ከሎሪው ሲወርዱ ግን አያልቁም። ተጫዋቾቹ ወረዱ፣ ከዚያ የሐኪም ወረቀት በላስቲክ የያዙ ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች፣ ከዚያ በክንድ የተደገፈች አንዲት ዓይነ ስውር እናት። ተስሪህ በየቀኑ አይገኝም፤ ሎሪ ወደ ከተማ ሲሄድ ማን ይቀራል? ኬላ ላይ ያለው ወታደር ደክሞት ይሁን አዝኖላቸው አልቆጠራቸውም። እኔም ሃምሳ ስደርስ መቁጠር ተውኩ።

ወንድሜ በክራንቹ ቆሞ ሲቀበላቸው ነበር። የተዋሰው ነጭ ጀለቢያ ጠማማውን እግር ሸፍኖለታል። «እንኳን ደህና መጣችሁ! ቤታችሁ ነው! እማማ፣ በዚህ በኩል፣ ጥላ አለ!» ይላል። የሽማግሌዎቹን ትከሻ ይስማል። ከወደቀ ጀምሮ ሰው ሁሉ ተጎንብሶ ነው የሚያየው፤ እሱ አንገረብ ላይ፣ ሰው ከላይ። ያን ቀን ቆሞ ነበር።

የእንግዶቹ አምበል ረዘም ያለ ቀይ ልጅ ነው። «እግርህን ምን ሆነህ ነው?» አለው።

«ልምምድ ላይ ነው፣ ቀላል ነው። ዕድላችሁ ነው እንጂ ዛሬ አጥቂው እኔ ነበርኩ።»

«እግዚአብሔር ነዋ ያተረፈን!» አለ አምበሉ። ተቃቅፈው ሳቁ።

ጨዋታው ተጀመረ። ጆንያው ከጀርባዬ ስለሆነ እኔ ጩኸቱን ብቻ ነው የምሰማው። ወንድሜ በክራንቹ እየዘለለ ወደ እኔ መጣ።

«እታለም፣ ሁለት ፍየል አይበቃም።»

ጣሳውን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ።

«ስጪኝ፤ ባለፍየሉ እዚሁ ጎረቤት ነው። ዳቦም ይጨመር።»

«አያ…» አልኩ።

«ምን?»

ማለት የነበረብኝ ነገር ይሄ ነው። ይህ የአንተ እግር ነው ልለው ፈልጌ ነበር። ግን ያውቃል። እንደሚያውቅ ዓይኑ ውስጥ አየሁት፤ ፊቱ እየሳቀ ነበር፣ ዓይኑ ግን እንዳልናገር ይለምነኝ ነበር። ለአንድ ቀን ተቀባይ ከሚሆን ጋባዥ ሆኖ መዋል ነው የፈለገው። ብናገር ያን እነጥቀዋለሁ፤ ዝም ብል እግሩን። ጣሳውን ዘረጋሁለት። ሳይቆጥር በእፍኙ ዘግኖ ሄደ። ክራንቹ አመዱ መስመር ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ እያስቀረ ነበር።

ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ አሉ። ወደ ግቢያችን ሄድን፤ ግቢው አልበቃ ብሎ ሰው እስከ መንገዱ ተቀመጠ። እትዬ ፊታቸው እንደ ፍም ቀልቶ ወጥ ያወጣሉ። ወንድሜ ሰሐን በአንድ እጁ ይዞ በሰዎቹ መካከል ይዘላል። «ብሉ እንጂ! ምን ሆናችሁ? አልጣፈጠም?» ይላል። እኔ እጅ አስታጥባለሁ። አምበሉ ጋ ስደርስ እጁን ከውሃው በታች እንደ ዘረጋ ቀና አለ።

«ሓፍተይ» አለኝ በትግርኛ፤ እህቴ ማለቱ ነው። «ይህ ጨዋታ ለማን ነው? የታመመውን ሰው ሰላም ሳንለው ልንሄድ ነው እንዴ?»

ወንድሜ ከኋላው ነበር። ሰሐኑን እንደ ያዘ ቆመ፣ አየኝ።

«ሩቅ ነው ያለው» አልኩ። ድምፄን ራሴም በደንብ አልሰማሁትም።

አምበሉ እጁን ጠርጎ ከካልሲው ውስጥ በክር የታሰረ ብር አወጣ። «ካምፕ ውስጥ አዋጥተን ነው። ጥቂት ናት። ስጪልን። ይማርልን በይው።»

ተቀበልኩ። ወንድሜ በዚያ ሰዓት ፊቱን ወደ ሽማግሌዎቹ አዙሮ ስለ ነበር ያየ አልመሰለኝም። ሎሪው ሊነሳ ሲል ግን ጠራኝ።

«የሰጡሽ ነገር አለ እንዴ?»

«ምንም።»

«ቢሰጡሽ እንዳትቀበዪ። ከስደተኛ አንወስድም።»

እኛስ ምንድን ነን አላልኩትም። ገንዘቡ ቀሚሴ ውስጥ ነበር። ለወንድሜ ስዋሽ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ ጠዋት ማሊያዎቹን አጠብኩ። አመድ፣ ላብ፣ የወጥ ቅባት። ከሁሉ ያስቸገረኝ ቅባቱ ነው። አጥቤ ስጨርስ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ሎሪውን፣ ሦስቱን ፍየል፣ ዳቦውንና ዘይቱን ከጣሳው ላይ ቀንሰው በሩ ላይ ጽፈውት ቆመው ያዩታል። የብረቱን ግማሽ አይሞላም። የደበቅኩትን በልቤ ጨመርኩበት። አሁንም አይሞላም።

ወንድሜን ይዘን ሐኪሙ ጋ ሄድን። ጋሼ በግማሹ ዋጋ የሚገኝ ብረት ይኖር እንደ ሆነ ጠየቁ። ሐኪሙ ጋሼን በሐዘን አያቸውና ግማሽ ብረት ግማሽ እግር አይሠራም አለ። ወረቀት ላይ መድኃኒት ጻፈልን፣ የወንድሜን እጅ ይዞ ቆየ። ብዙም ሳይቆይ ሄደ።

እሱ የሄደ ሰሞን ዐቢይ ጾም ገባ። ጋሼ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመው የቀረውን ጠመኔ በክንዳቸው ጠረጉ።

«አሁንማ ሁሉም ቀን ዓርብ ነው» አሉ።

ከጣሳው የተረፈውን ወንድሜ ለእናታችን ላከው። እኔ በደበቅኩት ወንፊትና ሚዛን ገዛሁና ከእጥበት አጠራቅሜ ነው አልኩት። አሁን ቁጭ ብሎ ሰሊጥ ይነፋል፣ ያበጥራል፣ ለነጋዴዎች ይመዝናል። ይህ የሴት ሥራ ነው እያለ አንድ ወር አኮረፈ፣ ከዚያ ለመደው። ክራንቹን ጥሎ በዱላ ይሄዳል። ጆንያ ሲነሳ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ስለዚያች ቅዳሜ ግን ሲያወራ አይጠግብም። «ሦስት ፍየል ነው የወደቀው!» ይላል፣ ለማያውቀው ሰው ሁሉ።

ከካምፑ ለሕክምና ወደ ከተማ የሚመጡ እኛ ግቢ ገብተው ያርፋሉ። የዚያን ቀን ጋባዥ እያሉ ነው የሚጠይቁት። ባለፈው ሰሞን አምበሉ መጣ። ወንድሜ ከሩቅ ሲያየው ዱላውን አንገረቡ ሥር ገፋው፣ እግሩን አጥፎ ጋቢውን ጣል አደረገበት። ብዙ አወሩ። እኔ ሳፋዬን ይዤ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ።

«ያ የታመመ ሰውስ» አለ አምበሉ፣ «ዳነ?»

«ዳነ። ይሄዳል።»

«ተመስገን! ያቺ የእኛ ነገር ደረሰችው?»

ወንድሜ የምን ነገር ብሎ አልጠየቀም። ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ጎኑ ያለውን ወንፊት አየ፣ ሚዛኑን አየ። ጣቱን በወንፊቱ ጠርዝ ላይ አዞረው።

«ደረሰችው» አለ። «ሥራ ጀምሮባታል።»

እኔ መናገር ስለማልችል ምግብ ላቀርብ ተነሳሁ። ቀኑ ዓርብ ነበር። ሽሮ ሠራሁ። ሁለቱም ከአንድ ትሪ በሉ፣ እንግዳውም አልተቀየመም።